እግሬን ደብቄ ደረቴን ያስከፈትኩበት አገር

ከሶዶ በወጣሁበት ምሽት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ስለ መንገዴ ይጸልያሉ፤ ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ቆመው «አሜን» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ጓዳ ውስጥ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የግራ እግሬን ለእናቴ ዘርግቻለሁ። እናቴ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ በፋሻ ትጠቀልለኛለች። ስትጠቀልልም አሜን ማለቷን አልተወችም። አንድ አሜን፣ አንድ ዙር ፋሻ።

«አዬ፣ አጠበቅሽው» አልኳት። እኛ ቤት እናት የምትጠራው አዬ ተብላ ነው፤ ወሬያችንም በወላይትኛ ነበር፣ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ይጥበቅ። ፍራንክፈርት እስክትደርሺ እንዳይፈታ። ሰው ፊት እንዳትፈቺው። ባልሽም ፊት ቢሆን መብራት አጥፍተሽ ነው። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ሐኪም ቢጠይቅሽም እግሬ ደህና ነው በይ። ሐኪም ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም።»

ሳሎን ያሉት ሽማግሌ በዚያው ቅጽበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጌታ ሆይ፣ እግሮቿን ጠብቅ!» ሲሉ እናቴ ክው ብላ በሩን አየች። የሰሙ መሰላት። ከዚያ አሜን አለችና ፋሻውን በመርፌ ቁልፍ ያዘችው።

እንግዲህ እናንተ አገር ቤት ያላችሁትም፣ እንደኔ ተሰዳችሁ በየደረጃው የምታለከልኩትም፣ የዚህን እግር ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከዚያ ምሽት ሁለት ዓመት በፊት ሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ከተማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የሁምቦ ወባ ደግሞ ጸሐፊ ነው ብሎ አያልፍም። ሦስት ሳምንት በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተኛሁ። ትኩሳቱ ለቀቀኝና ብነሳ ግራ እግሬ ከቀኙ እጥፍ ሆኖ፣ ግሎና ተወጥሮ አገኘሁት። በሚኒባስ ሶዶ እናቴ ጋ መጣሁ። እናቴ ገና ቀሚሴን ሰብሰብ ሳደርግ አየችና፣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መዝጋት ነበር።

በእኛ አገር ያበጠ እግር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ዝሆኔ። የጤና ባለሙያዎች መጥተው ከቀይ አፈሩ ነው፣ ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ ብለው ያስተምሩናል። እኛም በጥሞና አዳምጠን፣ አጨብጭበን፣ ቤታችን ስንገባ «የእነ እገሌ ዘር እኮ ነው» እንላለን። አንድ ያበጠ እግር የታየበት ቤት ሴት ልጅ አትጠየቅም፣ ወንዱም አይሰጠውም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጫማ አድርጌ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ግን ይህን ለማን ታስረዳለህ? ታናሽ እህቴ ምስራች ደግሞ ለትዳር የደረሰች ልጅ ነበረች። እናቴ ሁለት ሴት ልጆች ከሚቀሩባት አንድ እግር ቢጠፋ ይሻላል ብላ ወሰነች፣ እግሩም ጠፋ።

እግሩ ቢጠፋም ትንፋሼን ይዞ ነው የጠፋው። ከመናኸሪያ ወደ ቤታችን የምታወጣውን የዳሞታን ዳገት ሦስት ጊዜ ቆሜ ነበር የምወጣት። መሥሪያ ቤት ቢፒአር የሚባል ነገር መጥቶ ሁላችንም ፈጣን እንድንሆን ተወስኖ ስለነበር የእኔ ማለክለክ ከለውጡ ጋር አልሄደም። ግምገማ ላይ ኃላፊዬ ተነስቶ «ጓድ አስቴር የተነሳሽነት ችግር አለባት፤ ፋይል ይዛ ስትሄድ መንገድ ላይ ትቆማለች» አለ። ራሴን እንድሂስ ተጠየቅሁ። ሂሴን ዋጥኩ፤ ትንፋሼ ግን ከሂሱ በኋላም አልተሻሻለም። አንዱ ክሊኒክ ሳምባ ነው ብሎ የቲቢ ኪኒን ስድስት ወር አስዋጠኝ። ሌላው ብሮንካይት አለኝ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ፤ ጨጓራ እኛ አገር ሐኪም ሲደክመው የሚሰጠው ስም ነው። ሁሉም ደረቴን ሰሙ፤ እግሬን ያሳየሁት አንድም አልነበረም።

ማርቆስ በዚህ መሐል ከጀርመን መጣ። የኛው ወላይታ፣ የዲምቱ ልጅ ነው፤ እዚያ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ሚስት ፍለጋ አምስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ነበር። ቤታችን ሲመጣ እኔ ተቀምጬ ነው ያየኝ። ሁለተኛም ሲመጣ ተቀምጬ ነበር። «ዝምተኛ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ የዛሬ ሴቶች ዓይነት አይደለችም» ብሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። መርጋቴ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከአየር እጥረት መሆኑን ማን ይንገረው? ሰርጉ ላይ ረጅም ቀሚስ ለበስኩ፤ ዘፈኑ መዝሙር ስለነበር ደግሞ ብዙ መዝለል አልተጠየቅሁም፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን ከልቤ አመሰገንኩ። ከዚያ የጀርመንኛ ፈተና ወድቄ፣ ደግሜ አልፌ፣ ቪዛዬ መጣ።

ፍራንክፈርት ስደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው ኮሪደር ከተበላ እስከ ሶዶ የሚደርስ መሰለኝ። በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ የሽቶ ማስታወቂያ አነባለሁ። ያን ቀን የማላውቀው ሽቶ አልነበረም። የፓስፖርቱ ፖሊስ ጋ የደረስኩት መጨረሻ ነው።

«ለምን መጡ?»

«ባሌ ጋ ነው።»

«ባልዎ የት ነው?»

«ውጭ ቆሟል።»

«ለምንድን ነው የሚያለከልኩት?»

«ናፍቆኝ» አልኩት። ፊቱ ላይ አንዲት መስመር ሳትነቃነቅ ማኅተሙን መታልኝ። ጀርመኖች ቀልድ አይወዱም ይባላል፤ ውሸት ነው፣ ይወዳሉ፣ ግን ፎርም ሞልተህ ነው።

የማርቆስ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለም፤ አምሳ አራት ደረጃ። ከስር የቤቱ ባለቤት ፍራው ሆልትስ ትኖራለች፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። ሶዶ ብትሆኑና ደረጃ ላይ ብትቀመጡ መጀመሪያ ያለፈው ሰው «ምን ሆንሽ?» ይላል፣ ሁለተኛው ውኃ ያመጣል፣ ሦስተኛው የአክስቱን ልጅ በሽታ ይተርክላችኋል፣ ሳታስቡት እድር ሆናችኋል። እዚህ «ሃሎ» ብለው እግራቸውን አንስተው ይሻገሩኛል። በዚያ ላይ ብርዱ! ድንቹ! ጨው እንኳ የሚፈራ ድንች! ከእናቴ ቤት በብርጭቆ ይዤ የመጣኋት የቃሪያ ድልኼ፣ ዳጣዬ፣ በሁለተኛው ወር አለቀች፤ ብርጭቆውን በጣቴ ጠርጌ ልሼ ለብቻዬ አለቀስኩ። የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን እውነቱን ልነግራችሁ ነው የተነሳሁት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የማርፍባት አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኩ። ፍራው ሆልትስ በማግስቱ በሬን አንኳኳች።

«ትሬፐንሃውስ ውስጥ ወንበር አለ» አለችኝ፣ የጋራ መውጫ ደረጃው ላይ ማለቷ ነው።

«የኔ ነው።»

«ለእሳት አደጋ ማምለጫ መንገድ ነው። እሳት ቢነሳ ወንበሩ ያደናቅፋል።»

«እሳት ቢነሳ እኔም ወንበሩ ላይ ነው የምገኘው።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያውስ እርስዎም እንቅፋት ነዎት» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯ ገርበብ ብሎ፣ ቀጭን ብርሃን ወጥቶ፣ እኔ ስወጣና ስወርድ የሚከታተለኝ ዓይን እንዳለ አውቅ ነበር። አገር ቤት የለመድኩት ስለሆነ ብዙም አልከበደኝ።

የቤተሰብ ሐኪሙ ጋ ለመግባት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። በሽታም እዚያ አገር ሥርዓት አለው፣ ተራው እስኪደርስ ወንበር ይዞ ይጠብቃል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ከአፍሪካ መሆኔን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ቲቢ! አክታዬ ሦስት ላቦራቶሪ ዞረ። ቲቢው ሲጠፋበት አዘነና አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። አስተርጓሚዬ ማርቆስ ነበር። በሁለተኛው ቴርሚን ሐኪሙ ድንገት አንድ ነገር ጠየቀ፤ ማርቆስም ዞር ብሎ፣

«እግርሽ አብጦ ያውቃል ወይ ይላል» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ይህቺ ጥያቄ ነበረች የኔ መዳኛ። አንድ «አዎ» ብል ሳምባዬ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሊገምት ይችል ነበር። ግን ጥያቄዋ በማን አፍ መጣች? በባሌ። የዲምቱ ልጅ፣ ያበጠ እግር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው። ፋሻው ሱሪዬ ስር ሲጨመድደኝ ይሰማኛል።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ።

«ናይን» አለ ማርቆስ። ሐኪሙ ጻፈ። በወሩ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ በጭራሽ አልኩ። ሰው ለክብሩ ይሞታል ሲባል ጀግና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዲህ ሱሪ ለብሶ፣ ሐኪም ፊት ተቀምጦ፣ በአስተርጓሚም ይሞታል።

የጀርመን ክረምት መገባደጃ ላይ ከፍራው ሆልትስ በአደራ ፖስታ ደብዳቤ መጣ፤ ወንበሩ ካልተነሳ ቤቱን ልቀቁ የሚል። ማርቆስ ደብዳቤውን ይዞ ሐኪሙ ጋ ሄድን፤ «ሚስቴ ወንበር ያስፈልጋታል» የሚል ማስረጃ እንዲጽፍልን ነበር የፈለግነው። ሐኪሙ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመረ። ማርቆስ በኋላ ሲተረጉምልኝ እንዲህ ይላል፦ «ተከራይዋ በኦክቶበር ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ ያርፉ ነበር። በዲሴምበር በእያንዳንዱ ፎቅ ያርፋሉ። በፌብሩዋሪ በየሰባት ደረጃው ይቀመጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ አምሳ አራቱን ደረጃ ለመውጣት ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል፤ በዚህም ጊዜ የጋራ መብራቱን ስድስት ጊዜ አብርተዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሲሆን ሰላምታዬንም አልመለሱም።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ደግሞ አነበበ። ደረቴን አምስት ጊዜ ሰምቶ ያላገኘውን በሽታ ከአንዲት ጠበኛ አከራይ ክስ ላይ አነበበው። ስልኩን አነሳና እዚያው ትልቅ ሆስፒታል ላከኝ። በዚያው ቀን፣ ያለ ቴርሚን! የፈራሁት ያኔ ነው። ጀርመን አገር ያለ ቴርሚን የሚገባ ሰው የቀረው ጥቂት ነው።

ሆስፒታሉ በመሣሪያ አነሳኝ፤ የሳምባዬ የደም ቧንቧዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ ልቤም ደም ወደዚያ እየገፋ ዝሏል ተባለ። ፕሮፌሰሯ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት። «የረጋ ደም ነው። ከእግር ተነስቶ ነው ወደ ሳምባ የሚሄደው። እግርዎን እንየው» አለች። ማርቆስ ተረጎመ። እምቢ እንዳልል ጉልበት የለኝም፣ እሺ እንዳልል እናቴ ትታየኛለች። ነርሷ መልሴን አልጠበቀችም፤ ሱሪዬን ሰበሰበችና ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ረጅም ፋሻ ነበር።

ማርቆስ እግሬን አየ። ከዚያ መስኮቱን አየ። ፊቱን ሳይመልስ፣

«ለዶክተሩ ነው የዋሸሽው ወይስ ለኔ?» አለኝ።

«ላንተ። ዶክተሩ መሐል ገብቶ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ይህ በአፈር የሚመጣው የእግር ሕመም እንዳልሆነ፣ ወባው ሲያስተኛኝ ደም ሥሬ ውስጥ የረጋ ደም እንደሆነ አስረዳች። ማርቆስ «በዘር ነው?» ብሎ ጠየቃት። የጠየቀበትን ምክንያት እሷ አታውቅም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። «እንደ እርሷ ላለ ሰው ደም ቶሎ የመርጋት ጠባይ በቤተሰብ ሊኖር ይችላል» አለችው፤ «እህት ካላት፣ በተለይ ስትወልድ፣ እግሯ ቢያብጥ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ።» ማርቆስ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ወረደ። ከአንዱ ዘር በነጻ ተለቅቄ ሌላ ዘር ተፈረደብኝ።

የረጋው ደም ቆይቶ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ መድኃኒት አያሟሟውም፤ ደረቴ ተከፍቶ፣ ቧንቧዎቹ ተሰንጥቀው፣ ከውስጥ መፋቅ አለበት። እናቶቻችን እንሰት በሳንቃ ላይ ሲፍቁ አይታችኋል፤ ሥጋው ይወጣል፣ ቃጫው ሳይበጠስ ይቀራል። እንደዚያ ነው፣ ብቻ ሳንቃው የኔ ሳምባ ነው። የሚያስፈርመኝ ወጣት ሐኪም ወረቀቶቹን ዘርግቶ፣

«ሰውነትዎን እናቀዘቅዛለን፤ ልብዎ ይቆማል፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ደምዎ ጭራሽ አይዘዋወርም» አለኝ።

«በዚያ ሃያ ደቂቃ እኔ የት ነኝ?»

ወረቀቱን ገለበጠ። «ቀዶ ጥገና ክፍል ሁለት» አለኝ።

አሥራ አንድ ቦታ ፈረምኩ። ፈርቼ ነበር። እየቀለድኩ የምተርከው ዛሬ ነው፤ ያን ቀን ግን ማርቆስ እጄን ይዞ በወላይትኛ ይጸልይልኛል፣ የተቆጣ ሰው ጸሎት ቢሆንም ጸሎት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የጉሮሮዬን ቱቦ ሲያወጡልኝ አየር ገባ። እንዴት ልንገራችሁ? እስከ ታች፣ እስከ ወገቤ ድረስ ገባ። ደረቴ በስፌቱ የሚቀደድ እየመሰለኝ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፤ ነርሷ ሕመም መስሏት ማስታገሻ ጨመረችልኝ። ቀዶ ሐኪሙ ያወጣውን ነገር በፎቶ አሳየኝ፤ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው፣ የቦሎሶን ዝንጅብል የመሰለ ነገር። ሦስት ዓመት ያህል በእሱ ዙሪያ ነበር የተነፈስኩት።

የደም ማቅጠኛ ኪኒን ዕድሜ ልክ ታዘዘልኝ፤ ጎመን እንዳሻሽ እንዳትበዪ፣ መድኃኒቱን ያዛባል አሉኝ። ለወላይታ ልጅ! ቤታችን ስመለስ አምሳ አራቱን ደረጃ አንዴ ብቻ ቆሜ ወጣሁ። በወሩ ሳልቆም። ፍራው ሆልትስ በሯን ከፍታ «አሁን ደግሞ ደረጃው ላይ በጣም ይጮኻሉ» አለችኝ። አቀፍኳት። እንደ ምሰሶ ቆማ ታቀፈች።

ማርቆስ ግን ለአገር ቤት የሚነገረውን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ለእናቴ ልብ ነው የታከመችው ብያታለሁ» አለኝ። «ልብ ምንም አይደለም፤ ልብ የሚታመም ሰው ይከበራል።» እሺ አልኩት። ለእናቴም ልብ ነው አልኩ፤ ስለ ረጋው ደም፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ፕሮፌሰሯ ቃል «ሌላ ቀን እነግራታለሁ» እያልኩ አሳደርኩ። ምስራች በዚያው ዓመት ለአንድ የሶዶ ነጋዴ ቤተሰብ ተድራ ነበርና ቤቷ ገና ጭቃው አልደረቀም ብዬ ነው። አያችሁ፣ ሳምባዬን ቢፍቁትም ይህን አልፋቁልኝም።

ባለፈው እሑድ ወደ እናቴ ደወልኩ። ምስራች ቤት አራስ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያ ነው ያገኘኋት።

«ወንድ ነው!» አለችኝ። «ጌታ ይመስገን። እሷ ብቻ ትንሽ ብርድ መቷት ተኝታለች።»

«የት ላይ ነው የመታት?»

«ብርድ ነው አልኩሽ።»

«አዬ፣ እግሯን ነው?»

ከበስተኋላዋ የእንግዶች ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጠቅልዬላታለሁ፤ ማንም አላየም» አለችኝ።

«ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂያት! ሳምባዋ ውስጥ ይገባል። እኔን ሊገድለኝ የነበረው እሱ ነው፣ ልብ አይደለም!»

«ስልኩ ይቆራረጣል» አለችና ዘጋችው። ስልኩ ጥርት ብሎ ነበር።

ማርቆስ አጠገቤ ተቀምጧል። «ለሌላ ሰው ከነገርሽ ያንቺም ይሰማል» አለኝ። «ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬዋ እናቴ ጆሮ ትደርሳለች። እህትሽንም ይመልሷታል።»

«ይመልሷት። በሕይወት ትመለስ።»

የምስራችን ባል ታምራትን ደወልኩለት። «እንኳን ደስ አለሽ፣ አክስት ሆንሽ!» አለኝ። «ቆይ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ነው፤ ሁሉም እንዲሰሙሽ ላውድ ላይ ላድርግሽ።» ቤቱ ሙሉ ሰው «ሳሮ! ሳሮ!» እያለ ሰላምታ አወረደልኝ። ማርቆስን አየሁት። ፊቱን በእጆቹ ሸፍኗል፣ ግን ተነስቶ አልሄደም።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አልኩ። «የኔ ግራ እግር አብጦ ነበር። ከእናቴ ጋር ሆነን ደብቀናችሁ። ዝሆኔ አይደለም፣ የረጋ ደም ነው፤ ሳምባዬ ገብቶ ደረቴ ተከፍቶ ነው የወጣልኝ። አሁን የምስራች እግር አብጧል። ብርድ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት፤ እዚያም እግሯን አሳዩ፣ ደረቷን ብቻ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው። «አትስሟት! ቀዶ ጥገናው ጭንቅላቷን ነክቶት ነው!» ትላለች፤ እያለቀሰች ነው። አንድ ሰው «ጌታ ይማርሽ» አለኝ። ሕፃኑ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ስልኩ የቀረበች የአሮጊት ድምፅ፣ የታምራት እናት ናት፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ የትኛው እግሯ ነው?»

«እኔ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም እማማ» አልኳት። «ብርድ ልብሱን ግለጡና ሁለቱንም እዩልኝ።»